ዱቄት ገብቶ ሰንሰለት ሲወጣ፦ የፕላስቲክ ናሙና በሌዘር እንዴት ይሠራል?

ከነጭ ፕላስቲክ የተሠራ ሰንሰለት እጅዎ ላይ አለ እንበል። ቀለበቶቹ እርስ በርስ ተቆላልፈዋል። አንዱን ቀለበት ዙሪያውን ቢዳስሱት የተቆረጠበት፣ የተበየደበት ወይም በማጣበቂያ የተያያዘበት ቦታ የለም። ታዲያ አንዱ በሌላው ውስጥ እንዴት ገባ?

አልገባም። ቀለበቶቹ ከመጀመሪያው ተቆላልፈው ነው የተሠሩት። ሁሉም አንድ ላይ፣ አንድ ሳጥን ውስጥ ከነበረ ደቃቅ ዱቄት ወጡ። ገጻቸው ሲነካ ሻከር ማለቱም የዚያ ዱቄት አሻራ ነው።

ይህን የሚሠራው ማሽን ፕላስቲክ ዱቄት በሌዘር እያቀለጠ ያያይዛል። ዘዴው ኤስ ኤል ኤስ (ሴሌክቲቭ ሌዘር ሲንተሪንግ) በሚል ምህጻር ይታወቃል። ከኮምፒውተር ንድፍ ዕቃ የሚሠራው የስሪዲ ፕሪንተር ቤተሰብ ነው፤ ብዙ ሰው በቪዲዮ ከሚያውቀው፣ ቀልጦ የሚወጣ የፕላስቲክ ክር ከሚደራርበው ማሽን ግን በጣም ይለያል። ስለ እሱ ሲወራ የሁሉም ዓይን ሌዘሩ ላይ ያርፋል። ብርሃን ዕቃ ሲሠራ ማየት ደስ ይላልና አይፈረድም። ነገር ግን ሥራውን የሚይዘው ሙቀቱ ነው፤ ከሙቀቱ ቀጥሎም ሌዘሩ ያልነካው ዱቄት። እነዚህ ሁለቱ ከገቡን ሥራው ለምን እንደሚዘገይ፣ አንዳንዱ ዕቃ ለምን እንደሚጣመም፣ ለምን ናይለን የተባለው ፕላስቲክ እንደሚበዛበት በቀላሉ ይገባናል።

ናሙና ለምን ያስፈልጋል?

ፋብሪካ ውስጥ አብዛኛው የፕላስቲክ ዕቃ የሚሠራው በሞልድ ነው። ሞልድ ማለት ውስጡ በዕቃው ቅርጽ የተቦረቦረ ብረት ነው። የቀለጠ ፕላስቲክ በኃይል ይገፋበታል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ሞልዱ ተከፍቶ ዕቃው ይወጣል። አንድ ትንሽ ዕቃ በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። ብዙ ሺህ ፍሬ ለማምረት ወደር የለውም።

ችግሩ ሞልዱ ራሱ ነው። ብረቱን መቦርቦር ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ወጪውም ከባድ ነው። አንዴ ካለቀ በኋላ «ይቺ ግድግዳ ትንሽ ትሳሳ» ማለት ጣጣ አለው። የተቦረቦረን ብረት የበለጠ መቦርቦር ይቻላል፤ መልሶ መሙላት ግን በጣም ይከብዳል።

ስለዚህ ዕቃውን የነደፈው ሰው ሞልዱ ከመሠራቱ በፊት አንድ ሁለት ፍሬ በእጁ ይዞ ማየት ይፈልጋል። ክዳኑ ይገጥማል? ቁልፉ ሲጫኑት ይመለሳል? መያዣው ለእጅ ይመቻል? ይህ ቀድሞ ለሙከራ የሚሠራው ዕቃ ናሙና፣ በተለምዶ ደግሞ ፕሮቶታይፕ ይባላል።

ናሙና ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንዱ ለዓይን ብቻ ነው፤ ቅርጹንና መጠኑን ካሳየ ይበቃዋል። ሌላው ግን ሊሠራበት ይገባል። ይጫኑታል፣ ያጥፉታል፣ ይጥሉታል፣ ብሎን ያስገቡበታል። ከናይለን ዱቄት የሚሠራ ናሙና ብልጫው እዚህ ጋ ነው። ጠንካራ ነው፤ ትንሽ ይታጠፋል፣ ቶሎ አይሰበርም። እውነተኛ ዕቃ እንደሚሞከረው ይሞከራል።

«ሲንተሪንግ» ማለትስ ምንድን ነው?

የምህጻሩ መጨረሻ ያለችው «ኤስ» ሲንተሪንግን ትወክላለች። ሲንተሪንግ ዱቄትን በሙቀት አያይዞ ጠጣር ማድረግ ነው። ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። ሸክላ ሲተኮስ የሚሆነው ይኸው ነው። ጭቃው እሳት ውስጥ ቀልጦ አይፈስም። ቅንጣቶቹ ግን በሚነካኩበት ቦታ ይያያዛሉ። ከእሳት ሲወጣ ውሃ መልሶ ጭቃ የማያደርገው ዕቃ ይሆናል።

እዚህ ላይ ግን ስሙ ትንሽ ያሳስታል። በፕላስቲክ ማሽኖቹ ውስጥ ሌዘሩ የነካው ናይለን በትክክል ይቀልጣል። ቅንጣቶቹ በጠርዛቸው ብቻ ተነካክተው አይቀሩም፤ ፈስሰው አንድ ይሆናሉ። ዕቃው ጠንካራ የሚሆነውም ለዚህ ነው። «ሲንተሪንግ» የሚለው ስም ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ስለተለመደ አብሮ ዘልቋል።

ማሽኑ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ሥራው ኮምፒውተር ላይ ይጀምራል። ወፍራም መጽሐፍ ያስቡ። እያንዳንዱ ገጽ ላይ ዕቃው በዚያ ከፍታ በአግድም ቢቆረጥ የሚታየው ቅርጽ ተስሏል። ለአንድ ኳስ ቢሆን የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነጥብ ብቻ አለ። ከዚያ ክቡ ገጽ በገጽ ይሰፋል፤ መሃል ላይ ትልቁን ስፋት ይደርሳል፤ ከዚያ እየጠበበ መጨረሻው ገጽ ላይ እንደገና ነጥብ ይሆናል። ሶፍትዌሩ ንድፉን እንዲህ ወደ ገጾች ይበትነዋል። የአንዱ ገጽ ውፍረት ብዙ ጊዜ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የተራ ወረቀት ያህል ማለት ነው።

አሁን ወደ ማሽኑ። መሃሉ ላይ ወለሉ ከፍና ዝቅ የሚል ሳጥን አለ። ከጎኑ ደግሞ የዱቄት ማከማቻ። መጀመሪያ ሮለር ወይም ስለት መሰል ጠራጊ ዱቄቱን ሳጥኑ ላይ እኩል አድርጎ ይጠርጋል። ስስ ንጣፍ ይነጠፋል። ቀጥሎ ሌዘሩ ይመጣና የመጀመሪያውን ገጽ ቅርጽ ዱቄቱ ላይ ይስላል። የነካው ይቀልጣል፣ ያልነካው ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ከዚያ የሳጥኑ ወለል በ0.1 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል፤ አዲስ ዱቄት ይነጠፋል፤ ሁለተኛው ገጽ ይሳላል። ሌዘሩ አዲሱን ንጣፍ ሲያቀልጥ ሙቀቱ ከሥሩ ወዳለው ዘልቆ ሁለቱን ያዋህዳል።

ሌዘሩን የሚያመነጨው ክፍል ራሱ ወዲህ ወዲያ አይሄድም። የመስታወት ስባሪ ይዞ የፀሐይን ብርሃን ግድግዳ ላይ የሚያስሮጥ ልጅ አይተው ያውቃሉ? ልጁ እጁን ጥቂት ሲያዘነብል ብርሃኗ ከግድግዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ትበራለች። ማሽኑም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሁለት ትንንሽ መስታወቶች በሞተር እየተነቀነቁ ጨረሩን ይመሩታል። አንዱ ግራና ቀኝ፣ ሌላው ወደፊትና ወደኋላ። ጨረሩ በሰከንድ ብዙ ሜትር መጓዝ የሚችለው ለዚህ ነው።

ሆኖም የንጣፉ ብዛት ጊዜ ይበላል። 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ሥራ በ0.1 ሚሊ ሜትር ሲከፋፈል 3,000 ንጣፍ ይሆናል። ለአንዱ 20 ሰከንድ ብንሰጠው 60,000 ሰከንድ፣ ማለትም ከ16 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ይህ ገና የማቅለጡ ሥራ ብቻ ነው።

ሌዘሩ በጣም ኃይለኛ መሆን አለበት?

የለበትም። ለፕላስቲክ በሚሠሩት በብዙዎቹ ትልልቅ ማሽኖች ላይ ያለው ሌዘር ከ30 እስከ 70 ዋት ገደማ ነው። የድሮዋ ባለ ሽቦ አምፖል 60 ዋት ነበረች። እርግጥ ሌዘሩ ኃይሉን ስፋቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነች ነጥብ ላይ ይሰበስባል፤ አምፖሏ ግን ክፍሉን ሁሉ ታካፍላለች። ቢሆንም ዱቄቱ ቀዝቃዛ ቢሆን ሥራው እንዲህ አይቀልም ነበር።

ምስጢሩ ዱቄቱ ቀድሞ መሞቁ ነው። በብዛት የሚሠራበት ናይለን 12 የተባለው ዓይነት ሲሆን፣ ዱቄቱ የሚቀልጠው 185 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ማሽኑ ውስጥ ያሉ ማሞቂያዎች የዱቄቱን ገጽ ከዚያ በጥቂት ዝቅ አድርገው፣ 170 ዲግሪ ገደማ ላይ ያቆዩታል። ገደል አፋፍ ላይ ያለ ድንጋይ ይመስላል። ወደ አፋፉ ያደረሱት ማሞቂያዎቹ ናቸው። የሌዘሩ ድርሻ የመጨረሻዋ ትንሽ ግፊት ነች።

ይሁንና ጉዳዩ ኃይል መቆጠብ ብቻ አይደለም። ዋናው ምክንያት መኮማተር ነው። ፕላስቲክ ከፈሳሽነት ወደ ጠጣርነት ሲመለስ ይሰበሰባል። ናይለን 12 በዚህ ሥራ በአጠቃላይ 3 በመቶ ገደማ ያንሳል። አንድ የቀለጠ ንጣፍ ቀዝቃዛ ዱቄት መሃል ቢሆን ወዲያው ይደርቅና ይኮማተራል። ከላዩ የተነጠፈው ደግሞ በተራው ይኮማተርና ጠርዙን ወደ ላይ ይስበዋል። ጠርዙ ዝናብ አግኝቶት የደረቀ ካርቶን ይመስል ይቆለመማል። ከዱቄቱ በላይ ብቅ ያለውን ጠርዝ ሮለሩ ሲመጣ ይገጨዋል፤ ዕቃውን ከቦታው ይጎትተዋል። የሰዓታት ልፋት እዚያው ያከትማል።

ናይለን 12 ለዚህ መድኃኒት የሚሆን ጠባይ አለው። ሲሞቅ የሚቀልጠው 185 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም፣ ሲቀዘቅዝ ወዲያው አይደርቅም። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ የሚጠጥረው 150 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። በሁለቱ መካከል ክፍተት አለ። በዚያ ክፍተት ውስጥ ያልቀለጠው ዱቄት ዱቄት ሆኖ፣ የቀለጠውም ፈሳሽ ሆኖ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ማሽኑ ሳጥኑን እዚያ ክፍተት ውስጥ ያቆየዋል። ስለዚህ ብዙ ንጣፎች እስኪደራረቡ ድረስ የቀለጠው ክፍል አይጠጥርም፤ አይቆለመምም።

የዚህ ሙያ ጥበብ ያለው እዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ይመስለኛል። ሙቀቱ በጥቂት ዲግሪ ከፍ ካለ ሌዘሩ ያልነካው ዱቄት ሁሉ ይጣበቃል፤ ዕቃውን ከውስጡ መፈልቀቅ ጭንቅ ይሆናል። በጥቂት ዲግሪ ዝቅ ካለ ደግሞ መቆልመሙ ይመጣል። ችግሩ የሳጥኑ ጥግ ከመሃሉ ቀድሞ መቀዝቀዙ ነው። ስለዚህ ጥሩ ማሽን የሚለየው በሌዘሩ ጉልበት ሳይሆን ከጥግ እስከ ጥግ ሙቀቱን እኩል አድርጎ በመያዝ ችሎታው ነው።

ዱቄቱ ለምን አንዳንዴ ነጭ፣ አንዳንዴ ግራጫ ይሆናል?

ይህ ለብዙ ሰው ግራ ነው፤ መልሱ ግን አጭር ነው። በትልልቆቹ ማሽኖች የተለመደው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ሌዘር ነው። ዓይን የማያየውን ጨረሩን ፕላስቲክ በደንብ ይመጠዋል፤ ነጭም ይሁን ጥቁር ችግር የለም። አነስ ባሉት ማሽኖች ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ዓይነት ሌዘር ይገጠማል። የእነዚህን ብርሃን ነጭ ናይለን እምብዛም አይመጠውም። ስለዚህ ዱቄቱ ውስጥ ብርሃን የሚመጥ ጠቆር ያለ ነገር ይደባለቃል። ፀሐይ ላይ ጥቁር ልብስ ከነጭ ይበልጥ እንደሚሞቀው ነው። ግራጫ ወይም ጥቁር ሆኖ የወጣ ናሙና ካዩ ምክንያቱ በአብዛኛው ይኸው ነው።

ሌዘሩ ያልነካው ዱቄት ሥራው ምንድን ነው?

ትልቅ ሥራ አለው። በሌሎች የስሪዲ ማሽኖች በአየር ላይ የተንጠለጠለ ነገር ለመሥራት ከሥሩ ድጋፍ መትከል ግድ ነው። ቤት ሲሠራ ኮንክሪቱ እስኪደርቅ በእንጨት እንደሚደገፈው ማለት ነው። በኋላ ድጋፉን እየሰበሩ ማንሳት፣ ጠባሳውንም ማለስለስ ይከተላል።

እዚህ ግን ዕቃው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዱቄት ውስጥ ተቀብሮ ይኖራል። በየአቅጣጫው ዱቄቱ ይደግፈዋል። የተንጠለጠለ ክንድ፣ የተጠማዘዘ ቱቦ፣ ሳጥን ውስጥ ያለ ሌላ ሳጥን፣ ሁሉም ይቻላል። የሰንሰለታችን ምስጢርም ይህ ነው። አንዱ ቀለበት በሌላው ቀዳዳ ውስጥ ሲሠራ በመካከላቸው ዱቄት አለ። ሥራው አልቆ ዱቄቱ ሲራገፍ ቀለበቶቹ ነፃ ይሆናሉ። ማጠፊያ፣ የሚዞር ጥርስ፣ ኳስና ጉድጓድ ያለው መገጣጠሚያም ሳይገጣጠም ተገጣጥሞ ይወጣል።

ሌላም ጥቅም አለ። ዕቃዎቹ የሳጥኑን ወለል መንካት ስለማያስፈልጋቸው በከፍታም ይደራረባሉ። በአንድ ጊዜ በደርዘን የሚቆጠሩ፣ ትንንሽ ከሆኑም በመቶ የሚቆጠሩ የተለያዩ ዕቃዎች አንድ ሳጥን ውስጥ ይሠራሉ። ባለሙያው እንደ መንገደኛ ሻንጣ ነው የሚያደራጀው። ትልቁ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ትንሹ፣ በሁለቱ መካከል ሌላው። ለእኔ ይህ ከሌዘሩ ባልተናነሰ የሚያስደንቅ ነገር ነው።

ሥራው ሲያልቅ ለምን ወዲያው አይከፈትም?

ማሽኑ የመጨረሻዋን ገጽ ስሎ ሲጨርስ ሳጥኑ ውስጥ ያለው አንድ ትልቅ ትኩስ የዱቄት ክምር ነው። ዕቃዎቹ አይታዩም። ዱቄቱ በቅንጣቶቹ መካከል አየር ወይም ጋዝ ስለያዘ እንደ ብርድ ልብስ ሙቀት ይዞ ያቆያል። ለመቀዝቀዝ ብዙ ጊዜ የሥራውን ያህል ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል።

ቸኩሎ መክፈት ኪሳራ ነው። ውጪው ቶሎ ቀዝቅዞ ውስጡ ትኩስ ሲሆን ዕቃው እኩል አይኮማተርም፤ ይጣመማል። በዚያ ላይ ትኩስ ናይለን አየር ሲያገኘው ቢጫ ይላል። ሥራው ሲካሄድ ብዙዎቹ ማሽኖች ውስጣቸውን በናይትሮጅን የሚሞሉት አንዱ ለዚህ ነው። «ስሪዲ ማሽን ላይ ዕቃ በሰዓታት ይወጣል» ሲባል የማቀዝቀዣው ጊዜ ብዙ ጊዜ አይጠቀስም። በእውነቱ ዛሬ የተጀመረ ትልቅ ሥራ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ነው እጅ የሚገባው።

ከቀዘቀዘ በኋላ ያለው ሥራ የጥንት ቅርስ ከአፈር እንደሚያወጡ ባለሙያዎች ነው። ክምሩ በእጅና በብሩሽ ቀስ እየተባለ ይፈረካከሳል። በጠባብ ቦታ የቀረው በአየር ግፊት ይነፋል። ላዩ ላይ የተጣበቀው ደግሞ ደቃቅ የብርጭቆ ፍሬ በአየር ኃይል እየተረጨበት ይጠራል። ከዚያ ቀለም ውስጥ መንከር ይቻላል። የናይለኑ ገጽ በደንብ የማይታዩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ስላሉት ቀለሙን ጥሩ አድርጎ ይጠጣል። እነዚያው ቀዳዳዎች ግን ቆሻሻም ይይዛሉ፤ በስስ ግድግዳ በኩልም ፈሳሽ ሊያሳልፉ ይችላሉ። ፈሳሽ የሚይዝ ዕቃ ከሆነ በኬሚካል ጭስ ማለስለስ ወይም መቀባት ያስፈልጋል።

ለምን ናይለን በዛ?

ፕላስቲክ ሲሞቅ በሁለት ዓይነት መንገድ ይለሰልሳል። አንዳንዱ እንደ በረዶ ነው። እስከ አንድ የታወቀ ሙቀት ጠጣር ሆኖ ይቆያል፤ እዚያ ሲደርስ በአንዴ ይፈሳል። ሌላው እንደ ሬንጅ ነው። ቀስ በቀስ ይለሰልሳል፤ የቀለጠበትን ደረጃ ለይቶ መናገር ያስቸግራል። ለዚህ ማሽን የሚመቸው የመጀመሪያው ነው። አፋፉ ላይ ማቆም የሚቻለው አፋፍ ያለውን ብቻ ነውና። ሲፈስም ያለ ምንም ግፊት፣ በራሱ ተዋህዶ ክፍተቶቹን መሙላት አለበት። ናይለን 12 ሁለቱንም ያሟላል፤ ከላይ ያየነው ሰፊ ክፍተትም አለው። ዘመዱ ናይለን 11 ደግሞ ከጉሎ ዘይት የሚሠራ ሲሆን፣ ሳይሰበር በመታጠፍ ይበልጠዋል።

ሌላም አለ። እንደ ጎማ የሚለጠጥ ዱቄት አለ፤ ለጫማና ፍሳሽ ለሚያግድ ማሸጊያ ጎማ ናሙና ይሆናል። ናይለን ውስጥ የብርጭቆ ፍሬ ሲደባለቅ ዕቃው ይበልጥ ግትር ይሆናል። ፖሊስታይሪን የተባለው እንደ ሬንጅ የሚለሰልስ ቢሆንም አንድ ልዩ ጥቅም አለው። ከእሱ የተሠራ ሞዴል በሙቀት ተቃጥሎ ስለሚጠፋ፣ በቦታው ብረት ለማፍሰስ ይጠቀሙበታል።

በአንድ ዓይነት ናይለን ላይ ይህን ያህል መደገፍ የራሱ ስጋት አለው። እ.ኤ.አ. በማርች 2012 በጀርመን ማርል ከተማ ኤቮኒክ በተባለው የኬሚካል ኩባንያ ፋብሪካ ውስጥ ፍንዳታ ደርሶ ሁለት ሠራተኞች ሞቱ። ፋብሪካው ለናይለን 12 መሥሪያ የሚሆን አንድ ኬሚካል የሚያመርት ነበር። የመኪና ኢንዱስትሪው ሁሉ ተደናገጠ። የነዳጅና የፍሬን ቱቦዎች የሚሠሩት ከዚሁ ናይለን ነበርና።

ማን አሰበው?

ካርል ዴካርድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በክረምት ሥራው ያየው ነገር አሳሰበው። ብረት ለማፍሰስ የሚያስፈልጉት ሞዴሎች አንድ በአንድ በእጅ ነበር የሚሠሩት። ኮምፒውተር ላይ ያለ ንድፍ በቀጥታ ዕቃ ቢሆንስ ብሎ አሰበ። መምህሩ ጆ ቢማን ሐሳቡን ደገፈው፤ አብረውም ሠሩ። በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ዱቄቱ ጨው በሚነሰነስበት ዓይነት ዕቃ በእጅ ነበር የሚነሰነሰው። እ.ኤ.አ. በ1986 የፈጠራ መብት ጥያቄ ቀረበ። እነሱ የነበሩበት ዲቲኤም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲንተርስቴሽን 2000 የተባለውን ማሽን ለገበያ አቀረበ። በጀርመንም እ.ኤ.አ. በ1989 የተቋቋመው ኢኦኤስ የተባለው ኩባንያ በዚሁ መስክ ትልቅ ስም ሆነ። ዲቲኤምን እ.ኤ.አ. በ2001 ስሪዲ ሲስተምስ የተባለው ኩባንያ ገዛው።

ለረጅም ጊዜ ማሽኑ የትልልቅ ተቋማት ብቻ ነበር። ዋና ዋናዎቹ የፈጠራ መብቶች እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አጋማሽ ጊዜያቸው ሲያልፍ አነስተኛ ማሽኖች ብቅ ማለት ጀመሩ። ዛሬ ዘዴው ከናሙናም አልፏል። ኤፍ/ኤ-18 በተባለው ተዋጊ አውሮፕላን ላይ እንዲህ የተሠሩ የአየር ማስተላለፊያ ቱቦዎች ተገጥመዋል። ለአንድ ሰው አካል ብቻ ተለክተው የሚሠሩ የሕክምና መሣሪያዎችም አሉ። ለአንድ ሰው የሚሆን ነገር ሞልድ ማሠራት ትርጉም የለውም።

የተረፈው ዱቄት እንደገና ይሠራል?

በከፊል። ስለ ዘዴው በጎውን ብቻ ማውራት ልክ ስለማይሆን እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ከሳጥኑ መጠን ወደ ዕቃ የሚለወጠው ብዙ ጊዜ ጥቂቱ ነው፤ 10 በመቶ ገደማ መሆኑ የተለመደ ነው። የቀረው ዱቄት ሌዘር ባይነካውም ሰዓታትን በከፍተኛ ሙቀት አሳልፏል። በዚያ ሙቀት የናይለኑ ሞለኪውሎች እርስ በርስ እየተያያዙ ይረዝማሉ። ሲቀልጥ እንደ በፊቱ አይፈስም፤ ይወፍራል። ባረጀ ዱቄት ብቻ የተሠራ ዕቃ ገጹ የብርቱካን ልጣጭ መስሎ ይጎረብጣል።

ስለዚህ አሮጌው ተነፍቶ ከአዲስ ጋር ይደባለቃል። የአዲሱ ድርሻ እንደ ዱቄቱ ዓይነት ይለያያል፤ ከ30 እስከ 50 በመቶ የተለመደ ነው። ሁሉንም መልሶ መጠቀም የማይቻልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የተወሰነው ይጣላል። ድጋፍ ስለማይተከል ብክነት የለውም የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ሳጥኑ ጥቅጥቅ ብሎ ካልተሞላ ብክነቱ ይጨምራል።

አደጋስ አለው?

ሌዘሩ የተዘጋ ማሽን ውስጥ ስለሆነ ተጠቃሚውን ብዙም አያሰጋም። መጠንቀቅ የሚገባው ከዱቄቱ ነው። የአንዱ ቅንጣት ስፋት 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ከፀጉር ይቀጥናል፤ ከዚያ የሚያንሱም አሉ። ሲራገፍ ይቦናል፣ ሳንባ ይገባል። አየር ላይ በብዛት የተበተነ ደቃቅ ፕላስቲክ ብልጭታ ካገኘው ሊፈነዳም ይችላል። ስለዚህ የአፍና አፍንጫ መከላከያ፣ ጥሩ አየር ማውጫ፣ ለዱቄት ተብሎ የተሠራ መጥረጊያ ማሽን ያስፈልጋል። በተራ የቤት መጥረጊያ ማሽን ይህን ዱቄት መሳብ አይገባም፤ ሞተሩ ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል።

ንድፍ የሚያሠራ ሰው ምን ይጠንቀቅ?

መጀመሪያ ይህ ዘዴ ለእርስዎ ዕቃ ይስማማ እንደሆነ ያስቡ። ፍላጎትዎ ለስላሳና አብረቅራቂ ገጽ ከሆነ ፈሳሽ ሙጫን በብርሃን የሚያደርቀው ማሽን ይሻላል። ቅርጹን ብቻ በርካሽ ማየት ከፈለጉ ክር የሚያቀልጠው ይበቃል። ቅርጹ ውስብስብ ከሆነና ናሙናው መታጠፍና መጎተት ካለበት ወደ ዱቄቱ ይምጡ።

ግድግዳውን ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ባያደርጉት ጥሩ ነው፤ ዱቄቱ ሲራገፍ ይሰበራል። ውስጡ ክፍት የሆነ ዕቃ ከሆነ ዱቄቱ የሚወጣበት ቀዳዳ ይተዉለት፤ አንድ ሳይሆን ሁለት፣ በተቃራኒ ጎን። ያለዚያ ዱቄቱ ውስጡ ታስሮ ይቀራል። ሰፊና ጠፍጣፋ ሳህን መሰል ነገር ለመጣመም ቅርብ ነው፤ ከሥሩ የጎድን አጥንት ዓይነት ማጠናከሪያ ማድረግ ይረዳል። ልኩን በተመለከተ ለትንሽ ዕቃ እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ልዩነት ይጠብቁ። ስለዚህ በጥብቅ መግጠም ያለበትን ቀዳዳ አሳንሶ አሠርቶ በኋላ በመሰርሰሪያ ማስተካከል ይሻላል።

የሚንቀሳቀሱ ክፍሎች ካሉ ደግሞ በመካከላቸው ቢያንስ 0.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ። ሌዘሩ የሚያቀልጠው የነካውን ቢሆንም ሙቀቱ ትንሽ ወደ ጎን ይፈሳል፤ በክፍተቱ ውስጥ ያለውን ዱቄትም ያጣብቃል። ያ ሰንሰለት በ0.1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢነደፍ ኖሮ ከሳጥኑ የሚወጣው የማይታጠፍ አንድ ዘንግ ነበር።